ሒሳቡ ነው የከበደው ወይስ መሠረቱ ነው የላላው?

የዛሬውን ጨዋታ የቀሰቀሰችው ጎንደር ከተማ በአንድ ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራ የ22 ዓመት ወጣት ናት። ስሜን አደራ ስላለችኝ አልጠቅሰውም። ደብዳቤዋ ረዘም ያለ ነው፤ ፍሬ ነገሩን ብቻ ላስነብባችሁ፦

«ታናሽ ወንድሜ ኮላ ድባ ከእናታችን ጋር ነው የሚኖረው። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። በሌላው ትምህርት ደህና ነው፤ ሒሳብ ላይ ግን አይሆንለትም። ባለፈው ደወለና ‹በቴሌግራም የፈተናውን መልስ አስቀድሞ የሚሰጥ ሰው ተገኝቷል፤ 8 ሺህ ብር ላኪልኝ። ካልላክሽልኝ መውደቄ ነው። ከወደቅሁ ደግሞ እዚህ አልቀመጥም፣ በመተማ በኩል እሄዳለሁ› አለኝ። በዕቁብ ያገኘሁት 9 ሺህ ብር አለኝ። እኔ ራሴ ትምህርቴን 10ኛ ክፍል ላይ ያቋረጥሁት ሒሳብ አስመርሮኝ ነው። ታዲያ ብሩን ልላክለት? ካልላክሁለትስ በምን ልርዳው? እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

እህቴ፣ መልሴን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፦ ብሩን እንዳትልኪ! አንድ ሳንቲም እንዳትልኪ!

ምክንያቱን ላስረዳሽ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ፣ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ታላላቆችሽ ያስታውሱታል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ግን ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ። ተማሪው ተፈትሾ፣ ስልኩን ሳይዝ ነው የሚቀመጠው። በቴሌግራም «መልስ አለኝ» የሚለው ሰውዬ ብሩን ከተቀበለ በኋላ ወንድምሽን የሚያውቀው ይመስልሻል? ለመቶ ልጅ አንድ ዓይነት የፈጠራ ፊደል ይበትናል፣ ቁጥሩን ይዘጋል፣ በቃ! ከ8 ሺህ ብሩ የሚብሰው ኪሳራ ደግሞ ሌላ ነው። ወንድምሽ «መልሱ ይመጣልኛል» ብሎ ካመነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደብተሩን አይገልጥም። የተሸጠለት ነገር መልስ ሳይሆን የቀሩትን ወራት የሚበላ ተስፋ ነው።

የመተማውንም ነገር ቢሆን ተይ በይው። ማዶ ያለችው ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት የገባባት አገር ናት። ይህን እሱም አያጣውም። ልጁ እንዲህ ያለው ሄዶ መኖር ፈልጎ አይመስለኝም፤ ጨንቆት ነው።

መጨነቁስ ይፈረድበታል? እስቲ እውነቱን እንነጋገር። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ ማለት ነው! በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። ቁጥሩ እያንሰራራ ነው፤ ግን አሁንም ከአሥር ልጅ አንዱ እንኳ አይሞላም። ያገራችን ልጆች ደግሞ ሌላም ሸክም አለባቸው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ጦርነት ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስንቱ ልጅ ከክፍል ቀረ! እንግሊዝኛም ታሪክም ቢያመልጥሽ ቆይተሽ አንብበሽ ትደርሺበታለሽ። ሒሳብ ግን እንደ ግንብ ነው፤ ታችኛው ድንጋይ ከጎደለ የላይኛው አይቆምም።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ እንዳይመስልሽ። እኔም ያው የኮላ ድባ ልጅ ነኝ። ከአዘዞ ታጥፎ የጎርጎራን መንገድ ይዞ ወደ ደምቢያ ሜዳ የሚወርደውን ሚኒባስ ስንት ጊዜ ተሳፍሬበታለሁ! ያንቺ ጥያቄ ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት እኔ ቤት የነበረ ጥያቄ ነው። የሠራሁትን ጥፋት ጭምር ላጫውትሽ።

በ2017 ዓ.ም. ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ፣ ክብረ በዓሉ ሲያበቃ ወደ እናቴ ቤት ወረድሁ። የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የምትኖረው። 12ኛ ክፍል፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ። ትምህርት ቤቷ ሲዘጋ ሲከፈት እሷም ስትቆም ስትነሳ እዚያ ደርሳለች። ገና ጋቢዬን ሳላወልቅ «ጋሼ፣ ሒሳብ ታሳየኛለህ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ የተማርሁ ሰው ነኝና ደረቴን ነፋሁ። «ችግር የለም! ከከባዱ እንጀምር» ብዬ ዴሪቫቲቭ ያዝን። ፈተናው ከባድ ከሆነ ከባድ ጥያቄ ማሠራት ነዋ መፍትሔው!

ሦስት ማታ እስክሪብቶውን እኔው ይዤ ሠራሁ፣ ሠራሁ… እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። «ገባሽ?» ስላት «አዎ ጋሼ» ትላለች። በአራተኛው ማታ ከሠራሁት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ጥያቄ፣ ቁጥሩን ብቻ ለውጬ፣ ሰጠኋት። ወረቀቱ ላይ ፈዝዛ ቀረች። እኔም ደሜ ፈላና «ይሄ እንኳን ጠፋሽ? እንዴት ነው 12ኛ ክፍል የደረስሽው?» ብዬ ጮህሁባት።

ደብተሩን ከደነችና «ቡና ላፍላ» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ባለሁበት ደብተር አልገለጠችም። እናቴ ሁሉንም ትሰማ ነበርና በሦስተኛው ቀን ጠራችኝ። «ልጄ፣ ልጅቱን ልታስተምራት ነው የመጣህ ወይስ ልታስደነግጣት?» አለችኝ። አፈርሁ። ሄጄ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኋት። እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሒሳብ ይሄ ነበር። የፈራ ልጅ ያልገባውን «ገባኝ» ይላል፤ «ገባኝ» ካለሽ ደግሞ የቱ ጋ እንደጠፋው በምን ታውቂያለሽ?

ከዚያ በኋላ እስክሪብቶውን ለሷ ሰጥቼ እኔ ዝም አልሁ። «አንቺ ሥሪ፣ እየሠራሽም የምታስቢውን ጮክ ብለሽ ንገሪኝ» አልኋት። ጥያቄው ስለ ተከታታይ ቁጥሮች ነበር፦ የመጀመሪያው ቁጥር 5 ነው፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው በ3 ይቀንሳል፤ 20ኛው ስንት ነው? ቀመሩን አንዲት ሳትሳሳት ጻፈችው። 5 ሲደመር፣ 19 ሲባዛ በኔጌቲቭ 3። እሰይ አልሁ በሆዴ። ቀጥላ ምን አለች መሰላችሁ? «5 እና 19 ሲደመር 24፤ 24 በኔጌቲቭ 3 ሲባዛ ኔጌቲቭ 72።»

ማባዛቱ ይቀድማል እንጂ! 19 በኔጌቲቭ 3 ሲባዛ ኔጌቲቭ 57፣ 5 ሲደመርበት ኔጌቲቭ 52 ነው መልሱ። እንግዲህ አያችሁ፣ የ12ኛ ክፍሉን ትምህርት ልጅቱ ታውቀዋለች። የጣላት የታችኛው ክፍል ነገር ነው። እኔ ግን ሦስት ማታ ሙሉ ጣሪያውን ስጠግን ነበር፤ የላላው መሠረቱ!

ወደ ታች ወረድሁ። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደመር? «ሁለት አምስተኛ» አለችኝ ሳታመነታ። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምራ። እኔ ማስረዳት ልጀምር ስል ጥጥ ትፈትል የነበረችው እናቴ ቀና አለች።

«ምንድን ነው ያልሽው የኔ ልጅ? እኩሌታና ሲሶ?»

«አዎ እማ።»

«እኩሌታ ላይ ሲሶ ጨምረሽበት እንዴት ከእኩሌታ ያንሳል? ከአምስት ቁና ሁለቱ እኮ እኩሌታም አይሞላ! አታለውሻል!»

ሳቅን። እናቴ ግን አልሳቀችም። የእኩልና የሲሶ እርሻ ስታካፍል የኖረች ሴት ናት፤ የእህል ነገር ቀልድ አይደለም። «ስድስት ቁና ጤፍ አምጪ እስቲ» አለች። «እኩሌታው ሦስት ቁና። ሲሶው ሁለት ቁና። አንድ ላይ አምስት። ከስድስቱ አምስቱን ወሰድሽ፣ አንድ ቁና ቀረ። በቃ!»

አምስት ስድስተኛ! ፊደል ያልቆጠረች እናቴ፣ አስተማሪ «የጋራ ብዜት ፈልጉ» ብሎ የሚያደክመንን ነገር በቁና ሠራችው። የእህቴ ልጅ አፏን ይዛ ቀረች። «ስድስቱ ከየት እንደሚመጣ ዛሬ ገና ገባኝ» አለች። 12ኛ ክፍል ደርሳ! አልተቆጣሁም። የተማርሁትን ተምሬያለሁና።

እንግዲህ ከዚያ ማታ በኋላ የሠራነውን ልንገርሽ፤ ከወንድምሽ ጋር አንቺም ልትሞክሪው ትችያለሽ። ሒሳብ አለማወቅሽ አያግድሽም። እንዲያውም ሳትደርሺበት እስክሪብቶውን ስለማትነጥቂው ከኔ ትሻያለሽ።

አንደኛ፣ መለካት። ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት ፈልጊና ብቻውን፣ ሰዓት ይዞ ይሥራው። እኔ ያገኘሁት ወረቀት 65 ጥያቄ ለ3 ሰዓት የሚል ነበር። የእህቴ ልጅ ከ65ቱ 17 አገኘች። ምርጫው አራት አራት ነው፤ ዓይኗን ጨፍና ብታጠቁር እንኳ 16 ገደማ ይደርሳታል። ያማል፣ ግን ማወቁ ይሻላል። የተሳሳተቻቸውን በአራት ከፈልናቸው፦ «ጭራሽ አላውቀውም»፣ «አውቀዋለሁ ግን ስሠራ ተሳሳትሁ»፣ «እንግሊዝኛው አልገባኝም» እና «ሰዓት አለቀብኝ»። አብዛኛው ስህተት «ጭራሽ አላውቀውም» የሚለው ውስጥ ይገባል ብዬ ጠብቄ ነበር። ግማሽ ያህሉ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ውስጥ ገባ። ለኔም ለሷም ተስፋ የሰጠን ይሄ ነው።

ሁለተኛ፣ ሳያፍሩ ወደ ታች መውረድ። ከጥር መጨረሻ እስከ ፈተናው 20 ሳምንት ነበረን። የመጀመሪያውን ስድስት ሳምንት ለ7ኛ፣ ለ8ኛና ለ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ሰጠነው፤ ኔጌቲቭ ቁጥር፣ የስሌት ቅደም ተከተል፣ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ የቁጥር ኃይል፣ ቀላል እኩልታ። ቀጣዩን አሥር ሳምንት ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላለው፤ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ ማትሪክስ፣ ተከታታይ ቁጥሮች፣ ካልኩለስ። የመጨረሻውን አራት ሳምንት በሰዓት ለተለካ የድሮ ፈተና ብቻ። ልጅቱ መጀመሪያ ላይ እምቢ አለች። «ጓደኞቼ ዴሪቫቲቭ እየሠሩ እኔ የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዤ ልታይ?» አለችኝ። «በጋዜጣ ሸፍኚውና አጥኚ፤ ማን ያይብሻል?» አልኋት። እውነትም ሸፈነችው። ወር ሳይሞላ ሁለት ጓደኞቿ ደርሰውባት «እኛንም አስገቢን» አሏት። ለካ የሁሉም ችግር አንድ ነበር!

ሦስተኛ፣ የቋንቋው ጣጣ። የኛ ልጆች በታችኛው ክፍል ሒሳብን በአማርኛ ይማሩና ከፍ ሲሉ በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። «አት ሊስት» ቢያንስ፣ «አት ሞስት» ቢበዛ፣ «ኮንሰክዩቲቭ» ተከታታይ፣ «ሪሜይንደር» ቀሪ ማለት እንደሆነ ያልያዘ ልጅ ስሌቱን ቢያውቅም ጥያቄውን አያውቀውም። በትንሽ ደብተር በየቀኑ አምስት አምስት ቃል እንድትጽፍ አደረግን። በዚህ ላይ ወንድምሽን አንቺ በስልክ ልትጠይቂው ትችያለሽ፤ ቃሉን ትጠሪለታለሽ፣ ትርጉሙን ይነግርሻል። አለቀ።

አራተኛ፣ የስህተት ደብተር። የተሳሳተችውን ጥያቄ ትገለብጣለች፣ ለምን እንደተሳሳተች በራሷ አማርኛ በአንድ መስመር ትጽፋለች። ከሦስት ቀን በኋላ መልሱን ሸፍና እንደገና ትሠራዋለች፤ ከሳምንት በኋላም እንዲሁ። ሁለቴ ካገኘችው ትሰርዘዋለች። የተሠራ መልስ ማንበብ ሒሳብ ማጥናት አይደለም! በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ በተማሪዎች ላይ ሞክረውት ነበር። የንባብ ጽሑፍ ሰጥተው ገሚሱ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ገሚሱ ደግሞ አንብቦ ሳያይ ራሱን እንዲፈትን አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው የበለጡት። «ሳነበው ገብቶኝ ነበር፣ ፈተና ላይ ጠፋኝ» የሚባለው ነገር ምስጢሩ ይሄ ነው።

ለነገሩ ይህን የጎንደር የቆሎ ተማሪ ከፈረንጁ በፊት ያውቀዋል። የኔታ ፊት መጽሐፍ ዘርግቶ «ገባኝ» ማለት የለም። ቃሉን ሳታይ ትለዋለህ፤ ካልያዝኸው አዲስ ቀለም አይጨመርልህም፣ ነገ ያንኑ ይዘህ ትመጣለህ። «ሒሳብ የኛ ዕጣ አይደለም» የምትሉም ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉትን ጠይቋቸው። የ2018 ዓ.ም. ወንበር 12 ነው። በ11 ሲባዛ 132፤ ለ30 ተካፍሎ የሚቀረው 12 አበቅቴ ነው። ያው ወንበር በ19 ሲባዛ 228፤ ለ30 ተካፍሎ የሚቀረው 18 መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ የቆሎ ተማሪ ያለ ወረቀት የሚሠራውን የኛ ልጅ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

አምስተኛ፣ ሰዓት። 65 ጥያቄ ለ180 ደቂቃ ማለት ለአንዱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ሒሳብ ማሽን የለም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥም ስልክ ላይ ማስላት ክልክል ነው። የእህቴ ልጅ ክፉ አመል ነበራት፤ አንድ ጥያቄ ከያዛት ሩብ ሰዓት ትታገለዋለች። እልህ ነው። ወረቀቱን ሁለቴ እንድትዞረው አለማመድናት። በመጀመሪያው ዙር ዓይታ የምታውቀውን ብቻ፤ የሚያከራክራትን ምልክት አድርጋ ማለፍ። በሁለተኛው ዙር ወደ ቀረው መመለስ። ለቀላሉ የሚሰጠው ነጥብ ለከባዱም ያው ነው እኮ!

ስድስተኛ፣ ቤቱ። ይሄኛው ለወላጆችና ለታላላቆች ነው። እናቴ ቤት ውሃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ቡና የምታፈላው ማን መሰላችሁ? ያችው ተፈታኝ! «አታጠናም» እያልን ስንወቅሳት የማጥኛ ሰዓቷን የበላነው እኛው ነበርን። በኋላ እናቴ ራሷ ፈረደች፤ ከማታው 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ልጅቱን የሚጠራ የለም አለች። እንግዳ እንኳ ቢመጣ ቡናውን የምታፈላው እናቴ ሆነች። ወንድምሽም ከብቱ፣ አጨዳው፣ ገበያው ይኖርበታል። እናትሽን አነጋግሪያት። በቀን ሁለት ሰዓት ከተከበረለት፣ እሑድን ቀንሰሽ በ20 ሳምንት 240 ሰዓት ነው። ቀላል አይደለም።

እኔ ከአሥር ቀን በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ። ኔትወርክ ባለ ቀን የሠራችውን ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። እኔም መልሱን አልነግራትም፤ «ሦስተኛው መስመር ላይ ተመልሰሽ እዪ» ብቻ እላታለሁ። መብራት የጠፋ ማታ በባትሪ ሠርታ በማግስቱ ትልካለች።

ታዲያ ወዲያው ተአምር መጣ እንዳይመስላችሁ! ከአምስት ሳምንት ልፋት በኋላ ሌላ የድሮ ፈተና ብትሠራ 19 አገኘች። ከ17 ወደ 19! ስልኩ ላይ አለቀሰች። «ጋሼ፣ በቃ ለኔ አልተፈጠረም» አለችኝ። እኔም ውስጤ ተሸበረ፤ አልዋሽም። ግን ወረቀቱን አስልኬ ሳየው ስህተቱ ተለውጧል። በኔጌቲቭና በክፍልፋይ የተሳሳተችው አንድም የለም፤ የቀረው ገና ያልደረስንበት ምዕራፍ ነው። ይህንኑ ነገርኋት። በሚያዝያ 27 ሆነ። በሰኔ 36።

ውጤቱስ? በዋናው ፈተና ሒሳብ ከመቶ 54 አመጣች። በድምሩ ግን 50 በመቶው ለጥቂት አመለጣት፤ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ወደ ታች ጎተቷት። ሁሉን ነገር ለሒሳብ ሰጥተን ሌላውን ማስራባችን የኔ ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ አንቺ አትድገሚው። እሷ ለአቅም ማሻሻያው፣ ለሪሚዲያሉ ማለቴ ነው፣ የሚያበቃ ነጥብ አምጥታ ገባች። በሄደች በሳምንቷ ደውላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ ዶርም ውስጥ ሒሳብ የማሳያቸው እኔ ነኝ!»

አሁን ወዳንቺ ልመለስ፣ እህቴ። ወንድምሽ የሚማረው በምን ደረጃ እንደሆነ አላውቅም፤ «ያልፋል» ብዬ ቃል አልገባልሽም። የማውቀው የ8 ሺህ ብሩ መንገድ የሚወስደው የትም እንዳልሆነ ነው። ከብሩ ትንሹን ቀንሽና ለራሱ የሚሆን የሶላር ባትሪ፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ የድሮ ፈተና ወረቀት ግዢለት። አቅም ካለሽ እዚያው ሰፈር ያለ የሒሳብ አስተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲያየው አነጋግሪ፤ ከሱ ጋር ሁለት ሦስት ጓደኞቹ ቢጨመሩ ክፍያውም ይቀላል። የቀረውን ብር አስቀምጪ፤ ያንቺ ላብ ነው። አንቺም እኮ ገና 22 ዓመትሽ ነው፤ ከሱ ጋር የ7ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ብትገልጪ ማን ይከለክልሻል?

መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ደግሞ ራስሽ ውረጂ። 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብረሽው ማታውን ተቀመጪ። የመተማውን ነገር በቁጣ አትጀምሪው፤ ብትወድቅም ወንድሜ ነህ፣ ሪሚዲያልም አለ፣ የሙያ ትምህርትም አለ፣ እንደገና መፈተንም አለ በይው። ልጅ መሰደድን የሚያስበው ከፈተናው ማዶ ቤቱ እንደማይቀበለው ሲመስለው ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን ዛሬ ማታ ደውይለትና ብሩን እንደማትልኪ ንገሪው። ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። ሲበርድለት «እኩሌታና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። «ሁለት አምስተኛ» ካለሽ እንዳትስቂበት። ስድስት ቁና ጤፍ እንዲያስብ ንገሪውና ዝም ብለሽ ጠብቂው። ከዚያ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።

ሳምንት እንገናኝ። ቸር ይግጠመን!